ማህተም የተመታበት ውሃ

ሐምሌ 4፣ አዋሽ

ተመረጥኩ። ሰመራ ያለው የጎርፍ ቢሮ ከቀረቡለት ፕሮግራሞች ሁሉ የኔን ወሰደ። ሌሎቹን ያቀረቡት ዲግሪ ያላቸው ናቸው፣ አንዱማ ሁለት አለው። እኔ ያለኝ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለች አንዲት ኮፒ ቤትና በስልክ ስክሪን ኮድ ሳነብ የደከመ ዓይን ነው። ዜናውን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ለኮፒ ማሽኑ ነገርኩት። ከአክስቴ ተሻለኝ፤ ቢያንስ "ሳትማሪ እንዴት?" አላለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሎጊያ በታች አንድ የጥጥ እርሻ አለ፣ ከእርሻው ራስጌ ደግሞ የጎርፍ መያዣ፤ ዙሪያውን በአፈር ክትር የታጠረ፣ ሐይቅ የሚያክል። እዚያ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ሲዘንብ አዋሽ ይሞላል፣ ትርፉ መያዣው ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ቀስ እያለ ይለቀቃል። ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንዳለ የሚለካውን ሴንሰር አምና ደለል ቀበረው። ስለዚህ የኔ ፕሮግራም መግቢያው ላይ ያለው ሜትር የለካውን በየሰከንዱ ይደምራል፣ መውጫው ላይ ያለው የለካውን ይቀንሳል። ድምሩ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ካምፑ ላለው ሰው ሁሉ የስልክ መልዕክት ይሄዳል፤ ተነሱ ይላል።

ካምፑ ክትሩ ሥር ነው። ለአረም የወረዱ የወሎና የጎጃም ልጆች ናቸው፣ ካቧቸው ደግነት ነው፣ ታናሽ ወንድሜ። ካቦ ከሆነ ወዲህ ስልክ ሲያነሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ስለዚህ ሂሳቡ ልክ መሆን አለበት። ልክ ነው ደግሞ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 10፣ ሰመራ

ስለ ሙቀቱ አልጽፍም፣ እስክሪብቶው ራሱ ያልበዋል።

የቢሮው ኃላፊ ኢንጂነር እስክንድር ይባላል። ፕሮግራሙን ሳሳየው እጁን አጣምሮ አየና "ጥሩ ነው፣ ግራፍ ግን የለውም?" አለኝ።

"ኢንጂነር፣ ቁጥሩ ትክክል ነው እኮ።"

"ቁጥርማ ካልኩሌተርም ይሰጠኛል፣ ልጅት።"

ልጅት። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ንዴቴ እንቅልፍ ከለከለኝ፣ ተነስቼ ሥዕል የሚሥልና የሚያትም ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያኖሩት ዝግጁ ኮድ፣ ከኢንተርኔት አወረድኩ። እኔ የምጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ደግ ነው፣ ግን ሥዕል ላይ ይንፏቀቃል። ላይብረሪው C በሚባል ሌላ ቋንቋ የተሠራ ነው፤ ከማሽኑ ጋር ያለ አስተርጓሚ ነው የሚያወራው። የኔ ፕሮግራም ይጠራዋል፣ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። ግራፉ ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። ጠዋት እስክንድር ሲያየው አንዱ ቅንድቡ ተነሳ። ያቺን አንዲት ቅንድብ ለማንሳት ነው ሌሊቱን ያደርኩት። ርካሽ ነኝ።

ሐምሌ 15፣ ሰመራ

የዚህ ቢሮ ሥርዓት፦ ሪፖርቱ በየጠዋቱ ይታተማል፣ ኢንጂነሩ ይፈርማል፣ ክቡ ማህተም ይመታበታል። አንዱ ፋይል ይገባል፣ ሌላው በሞተር እርሻው ሄዶ የካምፑ መጋዘን በር ላይ ይለጠፋል። "ስክሪኑ ላይ እኮ በየሰከንዱ አለ" ብላቸው የሚሰማኝ የለም። ማህተም ያላረፈበት ውሃ እዚህ ቤት ውሃ አይደለም።

የሚያትመው ሙሐመድሰዒድ ነው፣ የአፋር ልጅ፣ ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ኦፕሬተር። ኮምፒውተሩ በዕርዳታ የመጣ ነው፤ የኔ ላፕቶፕ "አያቴ" ብሎ ሊነሳለት ይገባል።

"ዶክተር፣ ይሄ ሳጥን ያንቺን ፕሮግራም ይችለዋል ወይ?" አለኝ።

"ዶክተር አትበለኝ።"

"እሺ ፕሮፌሰር።"

ወድጄዋለሁ፣ አልነግረውም። ነገ ወደ አዋሽ።

ሐምሌ 23፣ አዋሽ

ደግነት ደወለ። ጉሮሮውን ሳይጠርግ።

"እታለም፣ ውሃው መጥቷል።"

"የት ነው የመጣው?"

"ክትሩ ላይ ነዋ። ትናንት እግሬን የታጠብኩበት ድንጋይ ዛሬ የለም።"

"ሰው አንስቶት ይሆናል።"

"በሬ የማይጎትተውን ድንጋይ ማን ነው የሚያነሳው?"

ሰመራ ደውዬ ጠየቅኩ። ቁጥሩ ከትናንት ብዙም አልተነቃነቀም። መልሼ ደወልኩለትና ቁጭ አድርጌ አስተማርኩት፦ ደለል ከሥር ሲሞላ ውሃው ከፍ ያለ ይመስላል፣ ዓይን ይሳሳታል፣ ድምር ግን አይሳሳትም። ካርዴ እስኪያልቅ ተናገርኩ። በመጨረሻ "እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አለ።

አንደበት ተሰጥቶኝ ነበር፣ በኮፒ ቤት ቀረ። ጠበቃ መሆን ነበረብኝ።

ሐምሌ 29፣ አዋሽ

በችኮላ። ሙሐመድሰዒድ ደውሎ ነበር። ቁጥሩ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አደረ ይላል። የሚገባውና የሚወጣው ስለተካከለ ነው አልኩት። "ወላሂ ዶክተር፣ ሜትሩ ላይ የሚገባው ይበልጣል።" በትንሽ ነው አልኩት። "ትንሽ ውሃ አያረጥብም?" ብሎ ሳቀ። ደንበኛ ቆሟል፣ የውርስ ጉዳይ፣ መዓት ገጽ። ማታ አስብበታለሁ።

አላሰብኩበትም። ተኛሁ።

ነሐሴ 3፣ አዋሽ

ደግነት ድጋሚ ስለደወለ (ድጋሚ ዘጋሁት፣ በጨዋ ቋንቋ) ከሜትሮቹ የመጣውን ጥሬ መረጃ ሙሐመድሰዒድን አስላኩት። እዚህ ላፕቶፔ ላይ ያንኑ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስደመርኩት።

የኔ ድምር ከሰመራው ይበልጣል።

ብዙ አይደለም። ቀዩ መስመር ጋር አይደርስም። ግን ያው ኮድ ነው፣ ያው መረጃ ነው፣ መልሱ ሁለት ነው። ሁለት ልጆቿ በአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጧት አንዱ እየዋሸ እንደሆነ እንደምታውቅ እናት አፈጠጥኩባቸው።

የተጠረጠሩ፦ ሙቀቱ። መብራቱ። ያ አያት ኮምፒውተር። ሙሐመድሰዒድ የሆነ ነገር ነካክቶ። እኔ አልተጠረጠርኩም። መርማሪው ዘመዴ ነው።

ነሐሴ 6፣ ሰመራ

ሚሌ ላይ ሹፌሩ ምሳ ብሎ አቆመን፣ ከዚያ ጎማ ብሎ አቆመን፣ ከዚያ ሰው ሊጭን አቆመን። ደርሼ ፋሪሃ የምትባል ሴትዮ ዘንድ ክፍል ተከራየሁ። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ትሸጣለች።

"ምን ሥራ አመጣሽ?" አለችኝ።

"ጎርፍ።"

"ሱብሃነላህ። ይሄ ሁሉ አገር ውሃ አጣሁ ብሎ ሲጮህ አንቺ ከውሃ ልታድኚን መጣሽ?"

መልስ ነበረኝ። አንድ ሰዓት የሚወስድ። ሳልጨርስ፣ ተቀምጣ እንዳለች፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ነሐሴ 8፣ ሰመራ

አገኘሁት። መብራቱ ነው።

ትናንት ከሰዓት መብራት ሄዶ ተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ድምር ከዲስኩ አንብቦ ቀጠለ፤ ቁጥሩም መንቀሳቀስ ጀመረ። የምትገባዋን ትንሽ ውሃ ሁሉ ቆጠራት። ሌሊቱንም ቆጠረ። ዛሬ ጠዋት ላይ ደግሞ ጸጥ። ስለዚህ ኮረንቲው ሲዛባ ማሽኑ ይደነዝዛል፣ ሲጠፋና ሲበራ ይነቃል። ኢንጂነሩ ቢሮ ገብቼ ስታብላይዘር ይገዛ አልኩ።

"ስታብላይዘር ሂሳብ ያስተካክላል እንዴ?"

"ኢንጂነር፣ የኮረንቲ መዛባት ፕሮሰሰር ውስጥ የሚያመጣውን ያውቃሉ?"

አያውቅም። እኔም አላውቅም። ልዩነታችን እኔ ጮክ ብዬ ነው ያላወቅኩት። ይገዛል።

ነሐሴ 11፣ ሰመራ

ስታብላይዘሩ መጣ። ትልቅ ነው፣ ይጮሃል፣ ያምራል። ቁጥሩ ጠዋት ቆመ።

"እስኪላመድ ነው" አልኩ። ሙሐመድሰዒድ ስታብላይዘሩን እንደ ግመል ግልገል አሻሸውና "ተላመድ፣ ተላመድ" አለው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ዘግይቼ ስለሳቅኩ ታወቀብኝ።

ከሰዓት ደግነት ደወለ። ልጆቹ ፈርተዋል፣ ውሃው ክትሩ ላይ ያለችው ግራር ሥር ደርሷል፣ አስፋልቱ ዳር እንውጣ እያሉኝ ነው አለ።

"ስፒከር ላይ አድርገኝ" አልኩት።

አደረገኝ። ካምፑን ሙሉ ተናገርኩ። ስለ ደለል፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ድምር፣ ስክሪኑ እንደማይሳሳት፣ በየጠዋቱ ማህተም ስለሚመታበት ወረቀት (ማህተሙን ስንቀው የከረምኩት ሴትዮ)። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ትልቅ ሰው "እውነቷን ነው፣ ምን ትሸበራላችሁ፣ የተማረች ልጅ ናት" ሲል ሰማሁ። ጋሽ ተገኘ የሚባሉ የመጋዘን ጠባቂ ናቸው፣ ወረቀቱን በየጠዋቱ በሩ ላይ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ተቀብለው "ልጄ፣ ንግግርሽ እንደ ዳኛ ነው፣ እኔ ካንቺ ወዲያ ማንንም አልሰማ" አሉኝ።

የተማረች አሉኝ። ይሄን ቀን አልረሳውም።

ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ ድምሩን እዚያም ላየው አሰብኩ። ቻርጅ አልነበረውም። ቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቦርሳው እግሬ ሥር ነበር።

ነሐሴ 14፣ ሰመራ

ደግነት አመነ። ዛሬ ራሴ ደወልኩለት፣ ልከራከር ተዘጋጅቼ፣ ውሃ ጠጥቼ። "ውሃው እንዴት ነው?" አልኩት። "ደህና ነው እታለም።" "ፍርሃቱስ?" "እሺ፣ የለም።" "ስክሪኑን ነው ማመን፣ አይደል?" "እሺ እታለም።"

እሺ። ደግነት እኔን እሺ ብሎኝ አያውቅም፣ በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት እንኳን። ከጀርባው የከባድ መኪና ጥሩምባ ደጋግሞ ይሰማ ነበር፣ አንድ ሰው ደግሞ "ከመንገዱ ራቁ" እያለ ይጮሃል። ንፋሱ ዛሬ የአስፋልቱን ድምፅ እስከ ካምፑ እየወሰደው መሆን አለበት።

እንደዚህ ነው ሰው የሚያሳምኑት፣ በትዕግሥት።

ነሐሴ 18፣ ሰመራ

አላልኩም ነበር? ባለፈው መብራት ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጥሩ ሳይቆም ቆጠረ። ጠዋት አልቆመ፣ ማታ አልቆመ። ስታብላይዘሩ ተላመደ። ኢንጂነሩ ቢሮ ገብቼ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትህትና፣ አነሳሁለት። ከዚያ ምሳ ላይ አነሳሁለት። ከዚያ ኮሪደር ላይ።

ሌላ ዜና የለም። ጾሙ ተፈታ፣ ሥጋ በላሁ። ቢሮው ወረቀት ጨርሷል፣ ሪፖርት አይታተምም፣ እስክንድር ያለ ወረቀት እንደ ታመመ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ግዢ ክፍል ነገ ይመጣል ብሏል።

ነሐሴ 20፣ ከእርሻው በላይ፣ አስፋልቱ ዳር

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፉ ካልተነበበ ለኔው ነው።

ከጠዋት ልጀምር። ቁጥሩ ትናንት ደግሞ ቆሞ ነበር። ስታብላይዘሩ እየጮኸ፣ እያማረ፣ ቁጥሩ ቆመ። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ትልቅ ድምር ላይ ትንሽ ቁጥር ሲደመር ትንሿ የምትጠፋበት ሁኔታ አለ፤ ማሽኑ ጥቂት አሃዝ ብቻ እንዲይዝ ከተደረገ። በርሜል ሙሉ ውሃ ላይ ስኒ ውሃ ጨምረህ "ያው በርሜል ነው" እንደማለት። የኔ ቋንቋ ግን ብዙ አሃዝ ነው የሚይዘው፣ ለዚህ ብዬ ነው የመረጥኩት። ቢሆንም ልሞክር ብዬ በጠዋት ቢሮ ገባሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደ አዲስ ከፈትኩት፣ ማዘዣው ላይ 16777216 ሲደመር አንድ ብዬ ጻፍኩ። አሃዝ ያጠረበት ማሽን የሚሰናከልባት ቁጥር ናት። መለሰልኝ፦ 16777217። ልክ ነው። ተነፈስኩ። አየሽ፣ ጤነኛ ነው፣ መብራቱ ነው።

ሙሐመድሰዒድ አዲሱን ወረቀት ተሸክሞ መጣ። ትናንት ጠዋት የመጣ ነው፣ ካርቶኑ ገና ይሸታል። "ዶክተር፣ ፈቀቅ በይልኝ፣ ኢንጂነሩ አውሮፕላን አለባቸው፣ ላትምና ማህተም ይምቱ።" ፈቀቅ አልኩ። አተመ። ወረቀቱ ሞቅ ብሎ ወጣ፣ ግራፉ ያብረቀርቃል። ይዞ ሄደ። እኔ ተመልሼ ያንኑ ደገምኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቴ ስለለመደ ይሆናል። 16777216 ሲደመር አንድ።

16777216 አለ።

ደገምኩት። 16777216። አንዷ የለችም። ደቂቃ ሳይሞላ የነበረች አንድ፣ የለችም።

መብራት አልሄደም። ሙቀቱ ያው ነው። የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታትሟል።

አሁን ሲገባኝ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ "ስንት አሃዝ ልያዝ" የሚል ማስተካከያ አለ። ያ በC የተሠራ ላይብረሪ ሥዕሉ ቶሎ እንዲሄድለት ሲገባ ማስተካከያውን ያሳጥረዋል፤ ሲወጣ አይመልሰውም። የኔ ቋንቋ ደግሞ የዋህ ነው፣ እንግዳው ሲወጣ ቤቱን አይፈትሽም። ከዚያ በኋላ የሚደመረው ሁሉ በአጭሩ ነው የሚደመረው። ትልቅ ጎርፍ ቢገባ ይቆጥረው ነበር። ቀስ እያለች የምትገባዋን ነው የማይቆጥራት፣ ዘንድሮ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የገባው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ተነስቶ ማስተካከያው ይመለሳል። እስከ ማግስቱ ጠዋት። እስከ ማህተሙ። ወረቀት የጠፋ ጊዜ ሦስት ቀን በደንብ ቆጠረ፣ እኔ ደግሞ ለስታብላይዘር አጨበጨብኩ።

እኔ የት ነበርኩ? ዙሪያዬን ፕሪንተር የሞላበት ኮፒ ቤት ተቀምጬ ያንን ሪፖርት አንድ ቀን አትሜ አላየሁም። የደንበኛ ወረቀት አላባክንም ብዬ። ላፕቶፔ አዲስ ስለሆነ ሂሳቡን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው፣ ባትመውም ላይታይ ይችል ነበር። ይሄን የጻፍኩት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው፣ ይሰረዝ። አልሰረዝኩትም።

ማስተካከሉ ሁለት መስመር ነው። የሚያሳፍረውም ይሄ ነው። ላይብረሪው ከመጠራቱ በፊት ማስተካከያውን ያዝ፣ ሲመለስ መልሰህ አስቀምጥ። ከዚያ በላይ አንድ ጨመርኩ፦ በተመለሰ ቁጥር ያቺን ድምር ጠይቀው፣ አንዷ ከጎደለች ሥራ አቁመህ ጩህ። ከዚያ ጥሬውን መረጃ ከሐምሌ ጀምሮ እንደገና አስደመርኩት። አያትየው እየተነፈሰ ደመረ። ቀዩን መስመር አለፈ። ዛሬ አይደለም ያለፈው። ነሐሴ 12 ላይ ነው ያለፈው። እኔ በስፒከር ከተናገርኩ በማግስቱ።

መልዕክቱ በራሱ ለሁሉም ሄደ። ደግነት ጋር ደወልኩ።

"መልዕክት ደርሶሃል?"

"ደርሶኛል እታለም።"

"ተነሱ፣ አሁኑኑ ውጡ።"

"እሺ።"

በቃ፣ እሺ። ቀዝቀዝ ያለች እሺ። አንድ ወር ሙሉ ምንም የለም ብዬ አሳምኜው አሁን በአንድ መልዕክት እንዴት ይነሳል? አላመነኝም አልኩ። እስክንድር ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ አዲስ አበባ ሄዷል። ሙሐመድሰዒድ የፒክአፑን ቁልፍ አንስቶ "ዶክተር፣ መንገድ ላይ ታለቅሻለሽ፣ ግቢ" አለኝ። አላለቀስኩም። ሎጊያን እስክናልፍ።

ካምፑ ስንደርስ አስር ሰዓት አልፏል። ሰው የለም። ሸራው የለም፣ ብረት ድስቱ የለም፣ የአልጋ ቆጡ የለም። መሬቱ ረጥቧል፣ ከክትሩ ሥር በአምስት በስድስት ቦታ ውሃ ይተፋል። ኩሬ ላይ አንድ የጎማ ጫማ ብቻ ተንሳፍፎ አየሁ። ሙሐመድሰዒድ ትከሻዬን ይዞ ወደ ላይ አዞረኝ። አስፋልቱ ዳር፣ ከፍታው ላይ፣ ሸራ ተወጥሮ፣ እሳት ነድዶ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ ካምፑ ሙሉ እዚያ ነው። ደግነት ወደኛ እየወረደ ነው፣ እየሮጠ አይደለም፣ እንደ ካቦ እየተራመደ።

"መቼ ወጣችሁ?" አልኩት።

"በስፒከር ያወራሽልን ቀን ማታ።"

"እኔ እኮ… ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ታሳምኚኛለሽ" አለ። "ሁለት ጊዜ አሳምነሽኛል እታለም። ውሃውን ቆሜ እያየሁት አሳምነሽኛል። ሦስተኛውን ፈርቼ እሺ አልኩሽ። ቀን ቀን ወርደን እናርማለን፣ ማታ ማታ እዚህ እንተኛለን።"

ሙሐመድሰዒድ መሬት መሬት እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን መያዙ ነው። ውለታው አለብኝ።

"ሁሉም ወጥቷል?" አልኩ።

ደግነት ወደ መጋዘኑ ዞሮ አየ። ከዚያ "ጋሽ ተገኘ ብቻ" አለ። "እምቢ አሉ። ስንቴ ለመንናቸው። እሷ ያለችው አለ፣ ወረቀቱ አለ ይላሉ።"

ሮጥኩ።

መጋዘኑ ከካምፑ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ውሃው በሩ ጋር ቁርጭምጭሚት ይነካል። ጋሽ ተገኘ አልጋቸውን በሩ ላይ አጋድመው፣ እግራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ የዛሬ ጠዋቱ ወረቀት ተለጥፏል፣ ግራፉ ያብረቀርቃል፣ ማህተሙ ክብ ነው።

"ጋሽ ተገኘ፣ ይነሱ፣ ክትሩ ሊሄድ ነው።"

"እንደምን ዋልሽ ልጄ። ማን ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ ያልኩት። የትናየት ነኝ፣ በስልክ የተናገርኩት።"

ድምፄን ሲለዩት ፊታቸው በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። "እሷማ እንዲህ አትልም" አሉ። "ዓይን ይሳሳታል፣ ድምር አይሳሳትም ነው የምትለው።"

"ድምሩ ተሳስቶ ነበር።"

"ይሄን ውሃ አይተሽ ነው እንዲህ የምትዪው። ደለል ነው ልጄ። ደለል ከሥር ሲሞላ ከፍ ያለ ይመስላል።"

"ጋሼ፣ መልዕክት ተልኮልዎታል፣ አላዩትም?"

"ማህተም አለው?" አሉኝ። ወደ ወረቀቱ በአውራ ጣታቸው አመለከቱ። "ይሄ አለው።"

ተከራከርኩ። እኔ፣ የአዋሽ ጣቢያ ደላላ ሁሉ የሚፈራኝ፣ ውሃ ውስጥ ቆሜ ተከራከርኩ። ስለ ላይብረሪው ነገርኳቸው፣ ስለ አሃዙ፣ ስለ በርሜሉና ስለ ስኒው። ለእያንዳንዱ መልስ አላቸው፣ እያንዳንዱ መልስ ደግሞ የኔው ነው፣ ቃል በቃል፣ ያቆምኩበት ቦታ እያቆሙ፣ ድምፄን ከፍ ያደረግኩበት ላይ ከፍ እያደረጉ። ጥሩ ክርክር ነበር። ማፍረሻ አጣሁለት። ውሃው ጉልበቴ ሥር ደረሰ።

ደግነት ከኋላዬ መጥቶ "እታለም፣ ዞር በይ" አለኝ። ሦስት ልጆች አስከትሏል፣ ሙሐመድሰዒድ አራተኛ ሆነ። የአልጋውን አራት እግር አራት ሆነው ያዙና ከነእሳቸው አነሱት። ጋሽ ተገኘ አልተወራጩም። አልጋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እንደ ሙሽራ ተሸክመዋቸው፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከራከሩኝ። እኔ ጫማቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

መሸ። አሁን ሁሉም ተኝቷል። ውሃው ይሰማል።

ነሐሴ 21፣ እዚያው

ክትሩ ጎህ ሲቀድ ተደረመሰ። በጩኸት አልነበረም። የሆነ ትልቅ ነገር እንደተነፈሰ ያህል ነው የተሰማው። ከዚያ ካምፑ የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ተዘረጋ፣ የጥጡ ረድፍ አንድ በአንድ ገባ፣ ከመጋዘኑ የቀረው የቆርቆሮ ጣራው ነው። ልጆቹ ዳሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። አንዱ የአረም ዶማው እዚያ እንደቀረ ደጋግሞ ይናገራል።

ሙሐመድሰዒድ ቢሮ ደውሎ ቁጥሩን ጠየቀ። የመውጫው ሜትር ከክትሩ ጋር ሄዷል። እስከሄደበት ደቂቃ ድረስ ግን ድምሩ ልክ ነበር፣ አንዲት ስኒ አልጎደለችም። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም ውሃውን እያየ ነው።

ጋሽ ተገኘ ከአልጋቸው ወርደው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጣራውን ለረጅም ጊዜ አዩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ መልስ ነበረኝ።

"እንግዲህ ልጄ" አሉ፣ "ከዛሬ ወዲያ እኔ ማንን ልመን?"

አፌን ከፈትኩ። ደግነት ሻይ ይዞልኝ ሲመጣ ሰምቶ ቆመ፣ ጠበቀኝ። ልጆቹም ዞሩ። ጋሽ ተገኘ ጠበቁኝ። አፌን ዘጋሁ።

"እታለም ዝም አለች" አለ ደግነት፣ ቀስ ብሎ፣ ብርጭቆውን እጄ ላይ እያስቀመጠ። "ቀኑን ጻፉት።"

ይኸው ጻፍኩት።